ኢንሱሊንና ትምህርቱ፦ የነርሶች የማስተማር ሥራ ከጎንደር ገጠር እስከ አምቡሊ

የስኳር በሽታ የሆርሞን በሽታ ነው። ከጨጓራ ጀርባ የተጋደመው ቆሽት የሚያመነጨው ኢንሱሊን ሲጠፋ፣ ሲያንስ ወይም ሰውነት ለኢንሱሊኑ አልታዘዝ ሲል ከምግብ የተገኘው ስኳር ወደ ሕዋሳት መግባት ያቅተውና በደም ውስጥ ይከማቻል። በመጀመሪያው ዓይነት ቆሽት ኢንሱሊን ማመንጨቱን ያቆማል፤ ሕመምተኛው ከውጭ ካልተወጋ ዕድሜው አጭር ነው። በሁለተኛው ዓይነት ኢንሱሊኑ አለ፣ ግን አይበቃም ወይም በወጉ አይሠራም፤ ጉዳቱም ዓመታት ወስዶ በዓይን፣ በኩላሊት፣ በልብና በእግር ነርቮች ላይ ይገለጣል። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን በ2025 ባወጣው አትላስ መሠረት ከ20 እስከ 79 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሰዎች መካከል 589 ሚሊዮን ያህሉ ከዚህ በሽታ ጋር ይኖራሉ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ጤነኛ ቆሽት ያለማቋረጥ የሚያከናውነውን ማመጣጠን የስኳር ሕመምተኛ በራሱ አእምሮና እጅ ለመተካት ይገደዳል። ዛሬ ስንት ልውጋ፣ ብዙ መንገድ ስለሄድሁ ልቀንስ ወይ፣ ትኩሳት ይዞኝ ምግብ ስላስጠላኝ መርፌውን ልተወው ወይ የሚሉትን ጥያቄዎች የሚመልሰው ራሱ ነው፤ በዚያ ሰዓት ሐኪም አጠገቡ የለም። በየወሩ ወይም በየሦስት ወሩ ለጥቂት ደቂቃ የሚታይ ሰው በተረፈው ጊዜ ሁሉ የራሱ ሐኪም ሆኖ ይኖራል። በዚህ የተነሣ ትምህርት መድኃኒቱን ተከትሎ የሚመጣ ምክር ተደርጎ ሊታይ አይገባም። መጠኑን፣ ሰዓቱንና አደጋውን ለማያውቅ ሰው የተሰጠ ኢንሱሊን ሊገድልም ይችላል።

ይህን ትምህርት በብዙ አገሮች በዋናነት የሚሰጡት ነርሶች ናቸው። ካለፈው መቶ ዓመት ወዲህ የሥራው ደረጃ ተለውጧል፤ የሐኪምን ትእዛዝ ከማብራራት ተነሥቶ ራሱን የቻለ ሕክምና ለመሆን በቅቷል። በኢትዮጵያ ለውጡ ጎልቶ የታየው በጎንደርና በጅማ ነው። ለውጡ ገና የሚጠብቀው ፈተና ደግሞ ኃይለኛ ሙቀትና የቋንቋ ብዛት በሚገናኙባቸው እንደ ጅቡቲ ከተማው አምቡሊ ባሉ ሰፈሮች ይታያል።

ኢንሱሊን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የተሰጠው በጥር 1922 በቶሮንቶ ነው፤ ተቀባዩ ሊዮናርድ ቶምፕሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ ነበር። መድኃኒቱ እንደተገኘ አንድ ጥያቄ ተከተለ፦ ከሞት የተረፉት ልጆች ወደ ቤታቸው ሲመለሱ በየቀኑ የሚወጋቸው ማን ነው? በቦስተን ይሠራ የነበረው ሐኪም ኤሊየት ጆስሊን ከሌሎች ቀድሞ መልስ አግኝቶለታል። ገና በ1918 ለሐኪምና ለሕመምተኛ በጋራ የሚሆን የስኳር በሽታ መመሪያ አሳትሞ ነበር፤ ኢንሱሊን ከመጣ በኋላ ደግሞ ቤት ለቤት እየዞሩ ሕመምተኞችንና እናቶችን የሚያስተምሩ ነርሶችን አሰማራ። የዛሬዎቹ የስኳር በሽታ አስተማሪ ነርሶች የሙያ ሐረግ ከእነዚያ ዘዋሪ ነርሶች ይመዘዛል።

አሠራሩ ለረጅም ጊዜ ከጥቂት ሀብታም ሆስፒታሎች አልወጣም። በ1972 ሊዮና ሚለርና የሥራ ባልደረባዋ ድሆች ከሚታከሙበት የሎስ አንጀለስ ሆስፒታል ያቀረቡት ዘገባ፣ ሕመምተኞችን ማስተማርና በስልክ ማማከር ሲጀመር አልጋ ይዞ የመታከም ቁጥር በእጅጉ መቀነሱን አሳየ። በ1975 ዣን ፊሊፕ አሳል በጄኔቫ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለስኳር ሕመምተኞች የትምህርት ክፍል አቋቋመ። በ1993 ይፋ የሆነው ትልቁ የአሜሪካና የካናዳ ጥናት በመጀመሪያው ዓይነት የስኳር በሽታ የተያዙ 1,441 ሰዎችን ተከታትሎ፣ ስኳሩ በጥብቅ ቁጥጥር ሥር ሲውል በዓይን ላይ የሚደርሰው ጉዳት የመጀመር ዕድሉ በ76 በመቶ እንደሚቀንስ አረጋገጠ። ለዚህ ውጤት የተጠቀሙበት ኢንሱሊን አስቀድሞም የነበረ ነው። ልዩነቱን ያመጡት ስኳራቸውን በቀን ደጋግመው የሚለኩ፣ መጠኑን ራሳቸው የሚያስተካክሉና ከሚከታተላቸው ቡድን ጋር ሳይቋረጥ የሚነጋገሩ ሕመምተኞች ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ በ1998 ሕመምተኛን ማስተማር እንደ ሕክምና የሚቆጠርና ሥልጠና የሚጠይቅ ሙያ መሆኑን በሰነድ አሰፈረ፤ ፈረንሳይም በ2009 በሕግ አጸናችው። የሕክምና ቋንቋዋና ልማዷ በአብዛኛው ከፈረንሳይ የተወረሰው ጅቡቲ ከዚህ የሐሳብ መሥመር ጋር ቅርበት አላት።

ጎንደር ለዚህ ሥራ እንግዳ አልነበረችም። በ1953 በደምቢያ ብዙ ሕዝብ የፈጀው የወባ ወረርሽኝ ካለፈ በኋላ፣ በ1954 የጎንደር ሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተቋቋመ። ኮሌጁ ጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያውን በአንድ ቡድን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ይልክ ነበር። የማኅበረሰብ ነርስ ሥራ ከመነሻው ማስተማር ነበር፤ እናት ልጇን እንዴት እንደምትመግብ፣ ውኃ እንዴት እንደሚፈላ፣ ቁስል እንዴት እንደሚታጠብ ትነግር ነበር። ይህ የተላላፊ በሽታ ዘመን ልምድ ዕድሜ ልክ ለሚቆዩ በሽታዎች ጥቅም ላይ እስኪውል ግን አራት አሥርት ዓመታት ገደማ ፈጅቷል።

በእነዚያ ዓመታት የስኳር ሕክምና በትልልቅ ከተሞች ሆስፒታሎች ታጥሮ ቆየ። በአዲስ አበባ ፍራንሲስ ሌስተር የተባለች ሐኪም ከ1970ዎቹ ጀምሮ ስለ ኢትዮጵያውያን የስኳር ሕመምተኞች ተከታታይ ጥናት ጻፈች፤ በ1984 የኢትዮጵያ የስኳር በሽታ ማኅበር ተመሠረተ። የገጠሩ ሕመምተኛ ግን ብልቃጥ ኢንሱሊን ለመቀበል ከቀዬው ወጥቶ ረጅም መንገድ በእግርና በመኪና መጓዝ ነበረበት። የትራንስፖርት ገንዘብ ሲያጣ፣ አዝመራ ሲደርስ ወይም ክረምት መንገዱን ሲዘጋው ቀጠሮው ይቀራል፤ ቀጠሮው ሲቀር ኢንሱሊኑ ያልቃል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ከመጠን ያለፈ ጥማት፣ ማስታወክ፣ ራስን መሳትና ሞት ነው። የዚህ ሞት ምክንያት በብዙ መንደር የስኳር በሽታ ተብሎ አልተመዘገበም።

የጎንደርና የጅማ መፍትሔ ሕክምናውን ወደ ጤና ጣቢያ ማውረድና ለነርስ ማስረከብ ነበር። በጎንደር ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙ፣ በጅማ ዶክተር ዮሴፍ ማሞ የመሩት ይህ ሥራ ኤልድሪድ ፓሪ በ1988 ካቋቋመው የትሮፒካል ጤናና ትምህርት ትረስት ድጋፍ አግኝቷል፤ ፓሪ በ1960ዎቹ በአዲስ አበባ ያስተማረ ሐኪም ነበር። ነርሶችና ጤና መኮንኖች የስኳር በሽታን፣ የደም ግፊትን፣ የሚጥል በሽታንና ሌሎችንም ዕድሜ ልክ የሚቆዩ በሽታዎች እንዲከታተሉ ሠለጠኑ፤ ግልጽ መመሪያ ተሰጣቸው፤ ከዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሉ የሚመጡ ሐኪሞች እየተመላለሱ ያዩአቸው ነበር። የጅማው ቡድን በ2007 ሥራውን ለሌሎች አገሮች ምሳሌ ይሆናል ብሎ በሕክምና መጽሔት አቅርቦታል። በደቡብ አፍሪካ የክዋዙሉ ናታል ገጠር በምትገኘው ህላቢሳ የተደረገ ጥናትም በ2008 ተመሳሳይ ነገር አሳይቷል፦ በነርስ የሚመራ፣ ትምህርትን ማዕከል ያደረገ ክትትል የደም ስኳርን በጉልህ አውርዷል።

የጎንደር ሥራ ያስገኘው ትልቁ ነገር ግን ርቀቱን ማሳጠሩ ብቻ አይደለም። ነርሶቹ በየጤና ጣቢያው የመዘገቧቸው ሰዎች በመጽሐፍ ከተገለጸው የስኳር ሕመምተኛ ጋር አልተመሳሰሉም። የሽታዬ ዓለሙ ቡድን በ2009 በዲያቤቶሎጂያ መጽሔት እንዳቀረበው፣ ኢንሱሊን የግድ ከሚያስፈልጋቸው የገጠር ሕመምተኞች አብዛኞቹ ከእጅ ወደ አፍ በሆነ እርሻ የሚኖሩ ወጣት ወንዶችና ሰውነታቸው የከሳ ነበሩ። ጥያቄው ያኔ እንደገና ተነሣ፦ በምግብ እጥረት የሚመጣ የስኳር በሽታ አለ ወይ? በሚያዝያ 2025 በባንኮክ በተካሄደው ጉባኤ ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ይህን በሽታ አምስተኛው ዓይነት ብሎ ዕውቅና ሰጠው።

ይህ ግኝት ለነርስ ትምህርት ያለው ትርጉም ከባድ ነው። በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራጨው የስኳር በሽታ ምክር የተጻፈው ከልክ በላይ ለወፈረ የከተማ ሰው ነው፤ ምግብ ቀንስ፣ ክብደት ጣል፣ በእግርህ ሂድ ይላል። ከንጋት እስከ ምሽት ሞፈር ተከትሎ ለሚውል፣ በክረምት ወራት ጎተራው ለተራቆተበት የደምቢያ ወይም የወገራ ገበሬ ያንን ምክር ማንበብ ስሕተት ብቻ ሳይሆን አደጋ ነው። እሱ የሚያስፈልገው ትምህርት ኢንሱሊኑን ከሥራው ጋር እንዴት እንደሚያስማማ፣ በእርሻ ቀን መክሰስ ለምን እንደማይቀር፣ እህል በሚያንስበት ወቅት መጠኑን ከነርሷ ጋር ተመካክሮ እንዴት እንደሚያስተካክል የሚነግር ነው። የአገር ውስጥ ነርስ ከማንኛውም የተተረጎመ በራሪ ወረቀት የምትበልጠው እዚህ ላይ ነው፤ የሰውየውን ቀን ታውቀዋለች።

አምቡሊ ከጅቡቲ ከተማ መሃል በስተደቡብ፣ በስሟ በሚጠራው ደረቅ ወንዝ አጠገብ የምትገኝ ሰፈር ናት፤ የአገሪቱ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያም ስሟን ይዟል። በአካባቢው ሶማሊኛ፣ አፋርኛ፣ ዓረብኛና ፈረንሳይኛ ይነገራል፤ ለሥራ የመጡ፣ በመንገድ ላይ ያሉ ወይም ለዓመታት የሰነበቱ ኢትዮጵያውያን ደግሞ አማርኛና ኦሮምኛ ይዘው ገብተዋል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ የቀኑ ሙቀት 40 ዲግሪ ሴልሺየስን አዘውትሮ ያልፋል። በጎንደር ደጋ የተዘጋጀ የኢንሱሊን ትምህርት እንዳለ ወደዚህ ሊመጣ የማይችለው በዚህ ምክንያት ነው።

መጀመሪያ የሚመጣው የማስቀመጫ ጉዳይ ነው። ያልተከፈተ ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት፤ የተከፈተው በአብዛኛው ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ በታች ሆኖ ለአራት ሳምንት ያህል ያገለግላል ይላሉ አምራቾቹ። ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ በኬንያ በዳዳብ አካባቢ በሚገኘው የዳጋሃሌይ የስደተኞች መጠለያ ያለውን የሙቀት መለዋወጥ ለክተው በ2021 ያሳተሙት ጥናት ለብዙዎች እፎይታ ሆኗል፦ ኢንሱሊን ከ25 እስከ 37 ዲግሪ ሲወጣና ሲወርድ ለአራት ሳምንት ቢቆይ ኃይሉን አያጣም። ይሁን እንጂ የአምቡሊ የሐምሌ ቀትር ከ37 ዲግሪ በላይ ነው፤ በተለይ በቆርቆሮ ጣራ ሥር። ስለዚህ የዳጋሃሌይ ውጤት ለአምቡሊ ነርስ የሚጠቅመው እንደ ፈቃድ ሳይሆን እንደ ወሰን ነው፤ በየትኛው ወር ፍሪጅ የሌለው ቤት ሊያስቀምጥ እንደሚችል፣ በየትኛው ወር ብልቃጡ በጎረቤት ፍሪጅ ወይም በጤና ጣቢያ መቀመጥ እንዳለበት እንድትለይ ያግዛታል።

ፍሪጅ የሌለው ሰው የሚጠቀምበት ጥሩ ዘዴ የታወቀ ነው፤ ውኃ በሚመጥጥ የሸክላ ዕቃ ውስጥ ብልቃጡን በላስቲክ ጠቅልሎ፣ ዕቃውን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኖ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ማስቀመጥ። ውኃው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። በባሕር ዳር ከተማ እርጥበት በሚበዛበት ቀን ግን ትነቱ ይዘገያል፣ ቅዝቃዜውም ያንሳል፤ ይህም መነገር አለበት። ተቃራኒው ስሕተትም ብዙ ጉዳት ያደርሳል። ሙቀት የፈራ ሰው ብልቃጡን በረዶ ቤት ውስጥ ይከተዋል፤ አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቀልጦ ጤነኛ ቢመስልም እንኳ ይጣላል እንጂ አይወጋም። ከኢትዮጵያ ወደ ዶራሌ ወደብ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ደግሞ የራሱ ትምህርት ያስፈልገዋል፤ በፀሐይ በቆመ መኪና ጋቢና መስተዋት ሥር የተተወ ብልቃጥ በአንድ ቀትር ሊበላሽ ይችላል። መልኩ ላይለወጥ ስለሚችልም ሾፌሩ የሚያውቀው ስኳሩ ያለ ምክንያት ሲወጣበት ነው።

ሙቀቱ ከመድኃኒቱ አልፎ የበሽታውን ምልክቶችም ያደበላልቃል፤ ይህ ነጥብ በተለመደው ትምህርት ውስጥ የሚገባውን ያህል ቦታ አልተሰጠውም። ስኳር ሲወርድ ላብ ያጠምቃል፣ ልብ ይመታል፣ ሰውነት ይዝላል፤ ስኳር ሲወጣ ይጠማል፣ አፍ ይደርቃል፣ ድካም ይመጣል። በአምቡሊ በሙቀቱ ወራት ጤነኛውም ሰው ያልበዋል፣ ይጠማዋል፣ ይደክመዋል። ስለዚህ ላብ ካየህ ስኳርህ ወርዷል የሚለው ትምህርት በሌላ ቦታ የሚሠራውን ያህል እዚህ አይሠራም። ሙቀት በቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ስለሚያሰፋ የተወጋው ኢንሱሊን ቶሎ ወደ ደም ይገባል፤ ስኳሩ ካልተጠበቀ ሰዓት ሊወርድ ይችላል። የሰውነት ፈሳሽ ማለቅ ደግሞ ስኳሩን ያንራል። መድኃኒቱ መለካት ነው፤ መለኪያው ራሱ ግን ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 40 ዲግሪ ባለው ሙቀት እንዲሠራ የተዘጋጀ ነው፣ ከዚያ ሲያልፍ የተሳሳተ ቁጥር ሊያሳይ ወይም አልሠራም ሊል ይችላል። ነርሷ ልታስተምር የሚገባው መለኪያውን በጥላ አቀዝቅዞ መለካትን፣ መለካት የማይቻል ከሆነና ጥርጣሬ ካለ ደግሞ ስኳሩ ወርዷል ብሎ መነሣትን ነው። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ወይም ግማሽ ትንሽ ጠርሙስ ለስላሳ ጠጥቶ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ማየት፤ ከ70 ሚሊግራም በታች ከሆነ መድገም። ራሱን የሳተን ሰው ግን በአፉ ምንም መስጠት አይገባም፤ ወደ ሕክምና መሮጥ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ቁጥሩ ራሱ ሌላ ችግር ይዞ ይመጣል። በኢትዮጵያ የደም ስኳር በሚሊግራም በዴሲሊትር ይነገራል፤ ሕመምተኛው 180 ሲባል ስኳሩ ከፍ እንዳለ ያውቃል። በፈረንሳይ አሠራር የተማረ ክሊኒክ ያንኑ መጠን በግራም በሊትር 1.8 ይለዋል፤ ሌሎች አገሮች በሚሊሞል 10 ይሉታል። 1.8 ሲባል ትንሽ ቁጥር መስሎት የሚረጋጋ ሕመምተኛ፣ ወይም 10 ሲባል ልሞት ነው ብሎ የሚደነግጥ ሰው የሚስተው በቋንቋ አይደለም፣ በመስፈሪያ ነው። ሲሪንጁም እንዲሁ ነው። ዛሬ በአብዛኛው የሚገኘው ኢንሱሊን በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት ይይዛል፤ በአንዳንድ አገሮች ግን ለ40 ዩኒት የተሠራ ሲሪንጅ አሁንም ይሸጣል። ባለ 100ውን ኢንሱሊን በባለ 40 ሲሪንጅ የቀዳ ሰው የታዘዘለትን ሁለት ተኩል እጥፍ ይወጋል። ድንበር ተሻጋሪ ሕመምተኛ በሚበዛበት ቦታ ብልቃጡንና ሲሪንጁን አንድ ላይ እንዲያመጣ ማድረግና ጽሑፉን አብሮ ማንበብ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ የአንድ ሰው ሕይወት ያተርፋል።

ቋንቋው ከዚህ ይከብዳል። በሰው ቤት የምትሠራ ወይም በቀን ሥራ የምትተዳደር ኢትዮጵያዊት ምክሩን በፈረንሳይኛ ወይም በሶማሊኛ ስትሰማ አዎ ብላ ልትወጣ ትችላለች። በሽታዋን ለአሠሪዋ መንገር ሥራዬን ያሳጣኛል ብላ ብልቃጡን በፍሪጅ ከማስቀመጥ ይልቅ ልትሸሽገው ትችላለች። እንዲህ ላለች ሴት የሚሰጥ ትምህርት መድኃኒቱን ብቻ ሳይሆን ለማን እንደምትነግርና የት እንደምታስቀምጥ አብሮ ማሰብን ይጠይቃል። የተሳካ መሆኑ የሚረጋገጠው ገብቶሻል ወይ ተብላ በመጠየቅ ሳይሆን መልሳ በማሳየት ነው፤ ብልቃጡን በመዳፎቿ መካከል አንከባልላ፣ ደመናማው ኢንሱሊን እኩል ሲደባለቅ፣ ትክክለኛውን መሥመር ቆጥራ ቀድታ፣ ቦታ እየቀያየረች ስትወጋ ነርሷ ታያለች። በአንድ ቦታ ደጋግሞ የሚወጋ ሰው ቆዳው ሥር እብጠት ይሠራል፤ እዚያ ላይ የሚወጋው ኢንሱሊን አንድ ቀን ይዘገያል፣ ሌላ ቀን ይፈጥናል። ይህን ማወቅ የሚቻለው በእጅ በመዳሰስ ነው።

ጾም የዚህ አካባቢ የስኳር ትምህርት ትልቁ ፈተና ነው። በ13 አገሮች የተካሄደውና በ2004 የታተመው የረመዳን ጥናት እንዳሳየው፣ የመጀመሪያው ዓይነት ካለባቸው ሙስሊም ሕመምተኞች 43 በመቶው፣ የሁለተኛው ዓይነት ካለባቸው 79 በመቶው ቢያንስ 15 ቀን ጾመዋል፤ ሆስፒታል የሚያደርስ የስኳር መውረድም በመጀመሪያዎቹ ከ4 እጥፍ በላይ፣ በሁለተኞቹ ከ7 እጥፍ በላይ ጨምሯል። አትጹም ብሎ መከልከል ይህን ቁጥር አልቀነሰውም። ውጤት ያስገኘው ትምህርት ነው። በለንደን በ2010 በታተመ ጥናት ከረመዳን በፊት የተማሩት ሰዎች የስኳር መውረድ ከዘጠኝ ወደ አምስት ጊዜ ሲቀንስ፣ ያልተማሩት ዘንድ ከዘጠኝ ወደ 36 ጊዜ ጨምሯል። ጣት ወግቶ ስኳር መለካት ጾምን እንደማያፈርስ ብዙዎቹ የሃይማኖት ሊቃውንት ይስማማሉ፤ ይህንን ከነርስ አፍ ብቻ ሳይሆን ከኢማሙም አፍ መስማት ለሕመምተኛው የተለየ ክብደት አለው።

የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ጾም ሌላ መልክ አለው። ጾሙ በዓመት ከግማሽ በላይ የሚሆን ቀን ይይዛል፤ ቀትር አልፎ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበላ የሚቆይ ሰው ጠዋት የተወጋው ኢንሱሊን ኃይሉ ሲያይል ሆዱ ባዶ ይሆናል። በአማራ ክልል የሚሠሩ ነርሶች የሚያጋጥማቸው ደግሞ ጠበል ነው። ኢንሱሊኑን ትቶ ጠበል የገባ የመጀመሪያው ዓይነት ሕመምተኛ በቀናት ውስጥ ራሱን ሊስት ይችላል። በአቡነ ጳውሎስ ዘመን ቤተ ክርስቲያኗ የኤችአይቪ መድኃኒት ከጠበል ጋር እንደሚወሰድ ማስተማሯ መንገዱን አሳይቷል። ለኢንሱሊንም ተመሳሳይ ቃል በየጠበሉ ቢነገር፣ የነርሶችን ልፋት ግማሽ ያቀልለዋል።

በአምቡሊና በድሬዳዋ መካከል ያለው የጫት ንግድም ወደ ትምህርቱ መግባት አለበት። ጫት የሚቅም ሰው የምግብ ፍላጎቱ ይጠፋል፣ እራቱን ይዘልላል፣ እንቅልፍ ያጣል፤ ከጎኑ ግን ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳ አይጠፋም። ስኳሩ በምሽት ይወጣል፣ ሌሊት ወይም ንጋት ላይ ይወርዳል። ይህን በወቀሳ የሚናገር ነርስ ሕመምተኛውን ያሸሻል፤ ሕመምተኛው በሚቅምበት ቀን ምን እንደሚበላና መቼ እንደሚለካ አብሮት የሚያቅድ ግን እውነቱን ይሰማል። እግርን በየቀኑ ማየት፣ ባዶ እግር በጋለ አሸዋ ወይም አስፋልት ላይ አለመርገጥ፣ ትንሽ ቁስል እንኳ ሲታይ መምጣት የሚሉት ደግሞ ነርቩ ለደነዘዘ ሰው ለክርክር የማይቀርቡ ትእዛዞች ናቸው።

ሁሉም የሆርሞን በሽታ በትምህርት የሚፈታ አይደለም፤ የእንቅርት ታሪክ ይህን ያስረዳል። እንቅርት በአብዛኛው የሚመጣው በምግብ ውስጥ አዮዲን ሲያንስ የታይሮይድ እጢ ሆርሞን ለማመንጨት ሲታገል ነው። በኢትዮጵያ በ2011 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለበት ጨው የተገኘው በ15 በመቶ ቤተሰብ ብቻ ነበር፤ በዚያው ዓመት ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድድ ደንብ ወጣ፤ በ2016 በተደረገው ጥናት ቁጥሩ ወደ 89 በመቶ ደርሷል። እያንዳንዷን እናት በማስተማር ሊደረስበት የማይችል ለውጥ በጨው ማምረቻው ላይ በተጣለ ግዴታ ተገኘ። የታይሮይድ ሆርሞናቸው አንሶ እንክብል የሚወስዱ ሰዎች ግን ትምህርቱ ያስፈልጋቸዋል፤ እንክብሉ በባዶ ሆድ በውኃ ተውጦ፣ ቡና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መቆየት አለበት፤ ቡናው መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያግደዋልና። የስኳር በሽታ ከሁለቱም የሚለየው ውሳኔው ዕለት ዕለት መደጋገሙ ነው፤ ምንም ደንብ በሕመምተኛው ፋንታ አይወጋም፣ አይለካም፣ አይበላም።

የጎንደርን መንገድ ወደ ሌላ ቦታ ለመውሰድ የሚያስቡ ሰዎች ደካማ ጎኑንም ማየት አለባቸው። የሠለጠነች ነርስ ወደ ሌላ ክፍል ወይም ከተማ ስትዛወር ትምህርቱ አብሯት ይሄዳል፤ ተተኪዋ ከዜሮ ትጀምራለች። ኢንሱሊን ከጤና ጣቢያው መደርደሪያ ሲጠፋ የተማረ ሕመምተኛ እንኳ ይሞታል፤ ትምህርት የመድኃኒትን አለመኖር አይሸፍንም። ነርሷ በቀን በርካታ ሕመምተኛ እንድታይ በሚጠበቅባት ክፍል መልሶ የማሳየት ጊዜ የሚቆረጠው ከሁሉ በፊት ነው፤ በሪፖርት ቅጽ ላይ የታየ ሰው እንጂ የተማረ ሰው አይቆጠርምና።

የሚያስፈልገው ነገር ግልጽ ነው። ለስኳር ሕመምተኞች የተመደበች ነርስ ሳትዛወር የምትቆይበት ዘመን መወሰን አለበት፤ በጅቡቲና በኢትዮጵያ መካከል የሚመላለስ ሕመምተኛ በአማርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በአፋርኛና በፈረንሳይኛ የተጻፈ፣ የደም ስኳሩን በሁለቱም መስፈሪያ የሚያሳይና የኢንሱሊኑን ዓይነት የያዘ አንድ ካርድ በኪሱ ሊኖረው ይገባል፤ የሁለቱ አገሮች የጤና ባለሥልጣናት የኢንሱሊን ብልቃጥ ሲቆጥሩ ነርሷ ለማስተማር ያገኘችውን ሰዓትም አብረው ቆጥረው በጀት ይያዙለት።